ዊቸር 4ን ስንጠብቅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የፖላንዱ ስቱዲዮ ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ የሚሠራውን ዊቸር 4 የተባለ የቪዲዮ ጌም በጉጉት መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ጉጉቱ ስቱዲዮው ቃል ባልገባው ነገር ላይ ሲያርፍ ግን ጥሩ ጌም ቢወጣ እንኳ ተጫዋቹ ማዘኑ አይቀርም።

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት የማስተዋወቂያ ቪዲዮን ከጌሙ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 በቀደመው ጌም የምትታወቀው ሲሪ ዋና ገጸ ባሕርይ መሆኗን ያበሰረው ቪዲዮ አስቀድሞ የተቀነባበረ እንጂ ሰው ሲጫወት የተቀዳ አይደለም። በጁን 2025 በፕሌይስቴሽን 5 ላይ በሰከንድ 60 ምስል ሲሠራ የታየው የወደብ ከተማና የገበያው ግርግርም ጌሙ የሚሠራበትን ሶፍትዌር የአንሪል ኢንጂን 5ን አቅም ለማሳየት የተሰናዳ መሆኑን ሠሪዎቹ ራሳቸው ተናግረዋል። አንዲት ከተማን አሳምሮ ማሳየትና ያንኑ ጥራት ውጊያ፣ ተልዕኮና የተጫዋቹ ምርጫ በሚፈራረቁበት ሰፊ ዓለም ውስጥ ለብዙ ሰዓታት ጠብቆ ማቆየት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ስለዚህ በማሳያው ያየነውን እያንዳንዱን ዝርዝር ስቱዲዮው እንደገባልን ቃል ልንቆጥረው አይገባም።

ሁለተኛው ስህተት የሚወጣበትን ቀን ይመለከታል። ጌሙ እስከ 2026 መጨረሻ እንደማይወጣ መነገሩ በ2027 ይወጣል ማለት አይደለም። የተከታታዩ ቀዳሚ ጌም ዊቸር 3 ሁለት ጊዜ ተራዝሞ በሜይ 2015 ወጥቷል። የዚሁ ስቱዲዮ ሌላ ጌም ሳይበርፓንክ 2077 ደግሞ ሦስት ጊዜ ከተራዘመ በኋላ በዲሴምበር 2020 ሲወጣ እንኳ ገና አልበሰለም ነበር፤ ስለዚህ መራዘም በራሱ መጥፎ ዜና ባይሆንም ለጥራት ዋስትና አይሆንም።

ሦስተኛው፣ ገና ያልተገመገመ ጌም ላይ ገንዘብ አስቀድሞ መክፈል ነው። ሳይበርፓንክ ከመውጣቱ በፊት ለገምጋሚዎች የተሰጠው የኮምፒውተር ቅጂው ብቻ ስለነበር፣ ያኔ የተነበቡት መልካም ግምገማዎች በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ስለሚጠብቀው ችግር ምንም አልነገሩም። የፕሌይስቴሽን አምራች ሶኒ በዚህ ችግር ምክንያት ከመደብሩ ያወጣውን ጌም የመለሰው በጁን 2021 ነው። በኢንተርኔት የሚወርድ ቅጂ ተሸጦ አያልቅምና፣ በያዝነው መሣሪያ ላይ የተሠራ ግምገማ እስክናነብ መታገሥ የሚያሳጣን ነገር የለም።

ብዙ ጊዜ የማይስተዋለው የመጨረሻው ስህተት አዲሱን ጌም ትዝታችን ውስጥ ካለው ዊቸር 3 ጋር ማወዳደር ነው። ዛሬ የምንወደው ዊቸር 3 በተከታታይ ዝማኔዎች የታረመና በኦክቶበር 2015 እና በሜይ 2016 ሁለት ትልልቅ ማስፋፊያዎች የተጨመሩበት ነው። ዊቸር 4 ሲወጣ ፍርዳችን ትክክል እንዲሆን ልናመዛዝነው የሚገባው ዊቸር 3 በወጣበት ሳምንት ከነበረበት ሁኔታ ጋር ነው።