የካርባይንህ ምላጭ ጠነከረብህ? መጀመሪያ ሞረዱን አስቀምጥ

የእህቴ ባል የሚኖረው አሜሪካ ነው። ባለፈው ጅማ መጥቶ ቡና ላይ ቁጭ እንዳልን፣ "አንተ ቶርኖ ቤት ነው የምትውለው፣ የካርባይኔ ምላጭ እንዲለሰልስልኝ የቱ ጋ ነው የሚሞረደው?" አለኝ። የትም አይሞረድም አልኩት። አኮረፈ። ሲመለስ ግን ደወለና በቪዲዮ እየተያየን ሦስት ማታ ሠራነው።

ካርባይን የምለው 9 ሚሊ ሜትር የሽጉጥ ጥይት የሚተኩሰውን አጭር ጠመንጃ ነው። እሱ በሕጋዊ መንገድ ይዞት ውድድር ይተኩስበታል። እዚህ አገር ላለህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአዋጅ 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መያዝ ብቻ ሳይሆን መጠገንም ክልክል ነው፣ ስለዚህ እዚህ ሆነህ እንዳትነካካው።

ከሁሉም በፊት ካዝናውን አውጣ። ከዚያ ማቀባበያውን ስበህ ጥይት መጉረሻውን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ጥይት የሚባል ነገር ከክፍሉ ይውጣ፣ ሌላ ክፍል ይሂድ። ስልክ አንስተህ ከተመለስክ እንደገና እይ።

"ከብዷል"

በስንት? ይህን ስጠይቀው ዝም አለ። የሻንጣ ሚዛን አለህ አልኩት። ወደ አገር ቤት የሚመላለስ ሰው ቤት መቼም አይጠፋም፣ በርበሬና ቡና 23 ኪሎ እንዳያልፍ ሁላችንም እንሰቅላለን። መንጠቆውን ምላጩ መሃል ላይ አድርገህ ቀጥ አድርገህ ወደ ኋላ ሳብ፣ አምስቴ ደጋግመህ አማካዩን ያዝ። ኤአር በሚባለው ቅርጽ፣ ማለትም በአሜሪካ ጦር ኤም16 ዓይነት፣ ለተሠራ መሣሪያ የወታደራዊው ደረጃ ከ2.5 እስከ 4.3 ኪሎ ገደማ ነው። የሱ 3.1 አለ። አልተበላሸም ማለት ነው፣ ሲሠራም እንደዚያው ነበር።

"ይንገጫገጫል፣ አሸዋ ውስጥ እንዳለ"

ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። አብዛኛው ሰው ከበደ የሚለው የሻከረውን ነው። እነዚህ ካርባይኖች ብዙዎቹ ጥይቱ ሲፈነዳ መዝጊያቸው የሚቆለፍ ነገር የለውም፤ የሚይዘው የራሱ ክብደትና ከኋላው ያለው ሞላ ብቻ ነው። ታዲያ ጢሱና ጥላሸቱ ወደ ኋላ ይመጣና ምላጩ አካባቢ ይቀመጣል፣ ከዘይት ጋር ሲቦካ ደግሞ ጥቁር ሊጥ ይሆናል። እኛ ጅማዎች ዝናቡን ፈርተን ብረት ያየነውን ሁሉ በዘይት እንነክራለን፣ እሱም ይህን ልማድ ይዞት ሄዷል መሰለኝ። መፍትሄው በማጽጃ አጥበህ፣ በደንብ አድርቀህ፣ ብረት ከብረት በሚፋተግበት ቦታ ላይ ብቻ አንድ ጠብታ ነው። ሚዛኑ ከ3.1 ወደ 2.9 ነው የወረደው። ጣቱ ግን "ይሄ ሌላ መሣሪያ ነው" አለ።

ስታጸዳ አንድ ነገር ልብ በል። ኤአር ቅርጽ ከሆነ የላይኛው አካል ተነስቶ ሳለ ምላጩን ስበህ መዶሻውን፣ ጥይቱን ለማቀጣጠል የሚመታውን ክፍል፣ አትልቀቀው፣ ሄዶ የታችኛውን አካል ይመታዋል።

"ጸድቷል፣ አሁንም ከባድ ነው"

እንግዲህ ሞላው ነው። ለሞዴልህ ተብሎ የተሠራ ለስላሳ ሞላ ግዛ። ያለውን ቆርጠህ ወይም አጣመህ አታሳጥረው። የሩገር ፒሲ ካርባይን ባለቤት ዕድለኛ ነው፣ 10/22 ለሚባለው የራሱ የሩገር ሌላ ጠመንጃ የሚሠሩት የምላጭ ዕቃዎች ይገቡለታል። ቤሬታ ሲኤክስ4 ላይ ደግሞ ከፋብሪካው የሚመጣው መዶሻ ፕላስቲክ ነው፣ ብዙዎች በብረት ይቀይሩታል። ኤአር ቅርጽ ባለው 9 ሚሊ ላይ ሙሉ ምላጭ የምትቀይር ከሆነ መዶሻው ጥርስ የሌለው ክብ መሆኑን እይ፣ አለዚያ መዝጊያው ላይ ይያዛል።

ሞረዱስ? ምላጩና መዶሻው የሚነካኩበት ፊት ጠንካራ የሆነው ብዙ ጊዜ ላዩ ብቻ ነው፣ ቀጭን ቆዳ። እሱን ፋቅኸው ማለት ከስር ያለውን ለስላሳ ብረት አወጣኸው ማለት ነው። ለሳምንት ቅቤ ይሆንልሃል። ከዚያ እየተበላ ይሄድና አንድ ቀን ጣትህ ሳይነካው ይወርዳል። በእጅ ፍተጋ ደግሞ ማዕዘኑን ትስታለህ፣ ሃያ ዓመት ሞረድ የያዝኩት እኔ ራሴ አልደፍረውም።

"ቀጭ ይላል፣ አይተኩስም"

የመዶሻውን ሞላ ነው ያላላኸው። ምቱ ደከመ፣ ጥይቱን ማቀጣጠል አቃተው። አፈሙዙን ከዒላማው ሳታነሳ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቅ፣ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ቤትህ ስትገባ የመዶሻውን ሞላ ወደ ድሮው መልስ። የምላጩን መመለሻ ሞላ ብቻ መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ እኛም እዚያ ላይ ቆምን፣ 2.4 አለ።

"አንዴ ስቤ ሁለት ተኮሰ"

ካዝናውን አውጣ፣ ባዶ አድርገው፣ ወደ ባለሙያ። "እስቲ አንዴ ልድገመው" የለም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ እንደ አውቶማቲክ ሊታይብህ ይችላል።

ከሥራው በኋላ፣ በባዶው፣ አቀባብለህ ሴፍቲውን ዝጋና ምላጩን ጠንክረህ ሳብ። ከዚያ ጣትህን አንሳና ሴፍቲውን ክፈት። መዶሻው ከወረደ አልሠራም ማለት ነው። ማቀባበያውን አሥር ጊዜ ያህል በኃይል ልቀቀው፣ ሰደፉን ወፍራም ጎማ ላይ ደለቅ ደለቅ አድርገው፣ አሁንም መዶሻው ቦታው ላይ መቆየት አለበት። የተኩስ ሜዳ ስትሄድ መጀመሪያ አንድ ጥይት ብቻ ጉረስ፣ ቀጥሎ ሁለት። ያ ሁሉ ካለፈ ነው ካዝና የሚሞላው።

የእህቴ ባል አሁን ደግሞ "ወደ አንድ ኪሎ ብናወርደውስ?" ይላል። የድሮውን ሞላ በላስቲክ ጠቅልለህ አስቀምጥ፣ ሚዛኑን ለበርበሬው ተው አልኩት።