ዌልክ ከመቀቀላችሁ በፊት ዛጎሉን ተመልከቱ

ዌልክ የሚባለውን የባሕር ቀንድ አውጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀቀልሁት «ሃያ ደቂቃ በእሳት ላይ ይቆይ» የሚል የእንግሊዝ የምግብ አሠራር ይዤ ነው። የሸጠልኝ ስኮትላንዳዊ ዓሣ ነጋዴ ዌልክ ብሎ ነበር የመዘነልኝ፤ አልዋሸኝም። በድስቱ ውስጥ የነበሩት ግን ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም የማይበልጡ ጥቁር ድቡልቡል ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሥጋቸው ተኮማትሮ ወደ ውስጥ ሸሸ፤ በመርፌ ስስበው ተበጣጠሰ።

በስኮትላንድ ዌልክ የሚባለው በእንግሊዝ ፔሪዊንክል ነው። የእንግሊዙ ዌልክ፣ ፈረንሳዮች ቡሎ የሚሉት፣ እስከ 10 ሳንቲሜትር የሚደርስና ጫፉ የሾለ ትልቅ ቀንድ አውጣ ነው። በካሪቢያን ደሴቶች ደግሞ ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር የሆነውን ሌላ ዝርያ ዌልክ ይሉታል። በአሜሪካ ዌልክ የሚባለውም ከእነዚህ የተለየ ነው፤ የጣልያን ዘር ያላቸው አሜሪካውያን ስኩንጂሊ ብለው ይበሉታል። ስለዚህ ስሙን ትታችሁ ዛጎሉን እዩ።

ሕይወት ያለውን ብቻ ምረጡ፤ የዛጎሉን አፍ የሚዘጋውን ክዳን ስትነኩት ወደ ውስጥ መሰብሰብ አለበት። ዝልግልጉ እስኪለቅ ድረስ ውኃ እየቀያየራችሁ እሹት። ጨው በገባበት የፈላ ውኃ ትልቁን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በቀስታ ቀቅሉ። ለፔሪዊንክል 5 ደቂቃ ያህል ይበቃል።

ማውጣቱ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሹካውን ከክዳኑ ሥር ወደ ሥጋው ስደዱና ቀጥ አድርጋችሁ ከመጎተት ይልቅ የዛጎሉን ጥምዝ ተከትላችሁ እጃችሁን አዙሩ፤ ሥጋው ተጠቅልሎ ሙሉውን ይወጣል። ከዚያ ቀንድ የመሰለውን ክዳንና ጫፉ ላይ ያለውን ጠቆር ያለ ለስላሳ ሆድ ዕቃ ቆርጣችሁ ጣሉ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በሰሜን አትላንቲክ ቀይ ዌልክ የሚባል፣ ዛጎሉ ለስለስ ያለ ሌላ ዝርያ አለ። የምራቅ ዕጢዎቹ ቴትራሚን የተባለ መርዝ ይይዛሉ፤ ራስ ምታትና ማዞር ያመጣል፣ ዕይታንም ያደበዝዛል። መቀቀል አያጠፋውም። ሥጋውን በርዝመቱ ሰንጥቃችሁ ፈዛዛ ቢጫ የሆኑትን ሁለት ዕጢዎች ሙሉ በሙሉ አውጡ። ዝርያውን መለየት ካልቻላችሁ ግን አትብሉት።

የጸዳውን በስሱ ቆራርጣችሁ ኮምጣጤና ቁንዶ በርበሬ ጣል አድርጉበት፤ ትኩስ ሳለ ብሉት።