የካውንቲዎ የፒልት ክፍያ ትክክል መሆኑን አስልቶ ለማረጋገጥ

በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት በያዘው መሬት ላይ ካውንቲዎች፣ ማለትም በግዛት ሥር ያሉ የአካባቢ አስተዳደሮች፣ የንብረት ግብር መጣል አይችሉም። ይህ መሬት ደግሞ በምዕራባውያን ግዛቶች እጅግ ሰፊ ነው፤ ከኔቫዳ መሬት 80 በመቶ ያህሉ የፌዴራል ነው። መንገዱን የሚጠግነው፣ የሸሪፍ ባልደረቦችን የሚቀጥረውና ተራራ ላይ የጠፋን ሰው ወጥቶ የሚፈልገው ግን ካውንቲው በመሆኑ፣ ኮንግረስ በ1976 (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው ሕግ በግብር ምትክ የሚከፈል ዓመታዊ ገንዘብ ፈቀደ። በተለምዶ ፒልት ተብሎ የሚጠራው ይህ ክፍያ ነው። ገንዘቡን የሚያከፋፍለው የኢንቲሪየር ዲፓርትመንት (የፌዴራል መሬትና የተፈጥሮ ሀብትን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት) በ2024 ከ1,900 ለሚበልጡ የአካባቢ መስተዳድሮች 621.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ካውንቲው ማመልከቻ ማስገባት አይጠበቅበትም፤ ስሌቱ የሚሠራው ዲፓርትመንቱ ዘንድ ነው። ሆኖም የካውንቲውን በጀት የሚከታተል ነዋሪ ስሌቱን ራሱ ሠርቶ ማመሳከር ይችላል፤ ለዚህም መደመር፣ መቀነስና ማባዛት ይበቃሉ።

በመጀመሪያ የሚቆጠረውን መሬት ከማይቆጠረው ይለዩ። የብሔራዊ ደኖች፣ የብሔራዊ ፓርኮች፣ የመሬት አስተዳደር ቢሮ መሬቶችና የፌዴራል የውኃ ፕሮጀክቶች ይቆጠራሉ። በአገልግሎት ላይ ያሉ የጦር ሰፈሮችና በአደራ የተያዙ የነባር ሕዝቦች መሬቶች ግን አይቆጠሩም። ስለዚህ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ላስ ቬጋስ ዙሪያ፣ በክላርክ ካውንቲ፣ ሬድ ሮክ ካንየንና የሌክ ሚድ መዝናኛ ሥፍራ በስሌቱ ሲገቡ የኔሊስ የአየር ኃይል ሰፈር አይገባም። ዲፓርትመንቱ የእያንዳንዱን ካውንቲ የኤከር (የመሬት ስፋት መለኪያ) መጠን በየተቋሙ ዘርዝሮ በድረ ገጹ ስለሚያወጣ፣ ቁጥሩን ከዚያ መውሰድ ይሻላል።

ቀጥሎ የሕዝብ ቁጥሩን ይያዙ። ብዙ ሰው መሬቱን ብቻ አይቶ ካውንቲው ተበድሏል ብሎ የሚደመድመው ይህን ስለሚዘነጋ ነው። ሕጉ በነዋሪው ቁጥር ልክ ለክፍያው ጣሪያ አስቀምጧል፤ ሲወጣ እስከ 5,000 ነዋሪ ላለው ካውንቲ ጣሪያው በነፍስ ወከፍ 50 ዶላር ነበር፤ ሕዝቡ በጨመረ መጠን የነፍስ ወከፉ ተመን እየቀነሰ 50,000 ላይ 20 ዶላር ይደርሳል። ከ50,000 በላይ ያለው ነዋሪ ጨርሶ አይታሰብም። ከ2 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ያለው ክላርክ በፒልት ዓይን የ50,000 ሰው ካውንቲ ነው።

አሁን ሁለት ስሌቶችን ጎን ለጎን ይሥሩ። በመጀመሪያው ስሌት ኤከሩ በከፍተኛው ተመን ይባዛል፤ ውጤቱ ከጣሪያው ካለፈ ጣሪያው ይያዛል፤ ከዚያም ካውንቲው በቀደመው ዓመት ከሌሎች የፌዴራል የገቢ መጋራት ሕጎች (ለምሳሌ ከፌዴራል ደኖች ገቢ ድርሻ ከሚሰጡት) ያገኘው ገንዘብ ይቀነሳል። በሁለተኛው ስሌት ኤከሩ በዝቅተኛው ተመን ይባዛል፤ ጣሪያው እዚህም ይሠራል፣ ነገር ግን ምንም አይቀነስም። ካውንቲው ከሁለቱ የሚበልጠውን ያገኛል። ተመኖቹ በመጀመሪያ በኤከር 75 እና 10 ሳንቲም ነበሩ፤ በ1994 የወጣው ማሻሻያ ከዋጋ ንረት ጋር እንዲያድጉ ስላደረገ ዛሬ ከፍተኛው ከ3 ዶላር አልፏል። የነፍስ ወከፉ ጣሪያም በዚያው ልክ አድጓል፤ ስለዚህ ሲያሰሉ የዓመቱን ተመን ከዲፓርትመንቱ ዓመታዊ ሪፖርት ይውሰዱ።

አሠራሩን ለማየት ቀላል በሆኑት የ1976 ቁጥሮች አንድ የታሰበ ካውንቲ እናስላ። 1 ሚሊዮን ኤከር የሚቆጠር መሬትና 3,000 ነዋሪ አለው እንበል። ጣሪያው 150,000 ዶላር ነው። በመጀመሪያው ስሌት 750,000 ዶላር ይወጣል፣ ጣሪያው ግን ወደ 150,000 ያወርደዋል፤ ባለፈው ዓመት ከደን ገቢ 40,000 ዶላር ወስዶ ከሆነ 110,000 ይቀረዋል። ሁለተኛው ስሌት 100,000 ስለሚሰጥ የመጀመሪያው ይመረጣል። የደኑ ገቢ 60,000 ቢሆን ኖሮ ግን የመጀመሪያው ወደ 90,000 ወርዶ ሁለተኛው ይመረጥ ነበር።

በኔቫዳ የምትገኘው ኤስሜራልዳ ካውንቲ የዚህ አሠራር ጽንፍ ናት። ከ2 ሚሊዮን ኤከር በላይ የፌዴራል መሬት እያላት በ2020 የሕዝብ ቆጠራ የተገኙት ነዋሪዎቿ 729 ብቻ ነበሩ። በዝቅተኛው ተመን እንኳ ቢሰላ ውጤቱ ከጣሪያው እጅግ ስለሚያልፍ፣ ክፍያዋን የሚወስነው የነዋሪዎቿ ቁጥር እንጂ የመሬቷ ስፋት አይደለም። እንዲህ ላለ ካውንቲ ተጨማሪ ኤከር አንድ ሳንቲም አይጨምርም፤ በእኔ አስተያየት የሕጉ ትልቁ ድክመት ይህ ነው።

የሚቀነሰውን ገንዘብ ሲመረምሩ በጥንቃቄ ይሁን፤ ስሌቱን ብዙ ጊዜ የሚያዛባው እርሱ ነው። የሚቀነሰው ካውንቲው ራሱ የተቀበለው እንጂ ከፌዴራል መንግሥት ወደ አካባቢው የፈሰሰው ገንዘብ ሁሉ አይደለም። የግዛቱ ሕግ የደኑን ገቢ በቀጥታ ከካውንቲው ተለይቶ ራሱን ለቻለ የትምህርት ቤት ዲስትሪክት የሚያስተላልፍ ከሆነ ያ ገንዘብ ከካውንቲው ፒልት አይቀነስም። የተከፈለውን ለዲፓርትመንቱ የሚያሳውቁት ግዛቶቹ ስለሆኑ፣ ግዛቱ ያሳወቀውን መጠን ከካውንቲው የሒሳብ መዝገብ ጋር ያመሳክሩ። ቅነሳው በአንድ ዓመት እንደሚዘገይም ልብ ይበሉ፤ ዘንድሮ የደን ገቢ ቢቀንስ ፒልቱ ከፍ ሊል የሚችለው በሚቀጥለው ዓመት ነው።

በመጨረሻ ያገኙት ቁጥር ካውንቲው ከተከፈለው ከበለጠ፣ ኮንግረስ በዚያ ዓመት ሙሉውን ገንዘብ መመደቡን ይመልከቱ። በ2008 የወጣ ሕግ እስከ 2012 ሙሉ ክፍያ አረጋግጦ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጉዳዩ በየጊዜው በሚወጡ ሕጎች የሚወሰን ሆኗል። የተመደበው ገንዘብ ካልበቃ የሁሉም ድርሻ በተመጣጣኝ ይቀነሳል። ክፍያው ብዙውን ጊዜ በሰኔ ወር አካባቢ ይደርሳል፤ ካውንቲው ለማንኛውም መንግሥታዊ ተግባር ሊያውለው ስለሚችል፣ ለየትኛው ሥራ እንደዋለ የሚያሳየው የፌዴራሉ ሪፖርት ሳይሆን የካውንቲው የራሱ በጀት ነው።