ኳሱ የእኛ፣ ግቡ የእነሱ፦ የዋልያዎቹ የመከላከልና የመልሶ ማጥቃት ችግርና መፍትሄ

ዋልያዎቹ፣ ብሔራዊ ቡድናችን፣ ኳስ ይችላሉ። አጭር ቅብብላቸው ያምራል። የሚጎዳን ኳሱ ከእጃችን ሲወጣ ያሉት ጥቂት ሰከንዶች ናቸው።

ችግር፦ ጨዋታውን ይዘን ግብ ይቆጠርብናል

በ2005 ዓ.ም፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ፣ ኔልስፕሩት ላይ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ተሸነፍን። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ግን ይሄ ነው፦ ከአራቱ ግቦች ሶስቱ የገቡት የእነሱ ግብ ጠባቂ በቀይ ካርድ ከወጣ በኋላ ነው። በሰው በልጠን ሶስት ተቆጠረብን።

መንስኤ፦ ሁሌ የሚወቀሱት ተከላካዮች ናቸው። ችግሩ ግን የሚጀምረው ከፊት ነው። ግብ ስንፈልግ ሁለቱም የመስመር ተከላካዮች ይወጣሉ፣ አማካዮቹም ይከተሏቸዋል። ኳሱ መሃል ላይ ሲነጠቅ ሁለት ሰው ብቻውን ግማሽ ሜዳ ይጠብቃል።

መፍትሄ፦ እያጠቃን መከላከል። ቀኙ ከወጣ ግራው ይቅር። ከሁለቱ የመሃል ተከላካዮችና ከተከላካይ አማካዩ ጋር አራት ሰው ሁልጊዜ ከኳሱ ኋላ ይኑር። ይሄ አማካይ በምንም ምክንያት ቦታውን አይልቀቅ። ሶፍያን አምራባት በኳታሩ የዓለም ዋንጫ ለሞሮኮ ያደረገውን አስታውሱ። ሞሮኮ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ድረስ የተቆጠረባት አንድ ግብ ብቻ ነበር፤ እሱንም ያገባው የራሷ ተጫዋች ነው።

ኳሱ ሲነጠቅ ደግሞ ቅርብ ያሉት ሁለት ሶስት ሰዎች ለአምስት ሰከንድ ያህል ይረባረቡ። ካልተገኘ ሁሉም ወደ ኋላ ይሩጥ። ልምምዱ ቀላል ነው። በግማሽ ሜዳ ስምንት ሰው ስድስቱን ያጥቃ። አሰልጣኙ ሳይታሰብ ፊሽካ ይንፋና ኳሱን ለስድስቱ ይስጥ። በ10 ሰከንድ ውስጥ የመሃል መስመሩን ካለፉ ነጥቡ የእነሱ ነው። ይሄ መሠራት ያለበት ልጆቹ ከደከሙ በኋላ ነው። እነዚያ ሶስት የቡርኪና ግቦች ሁሉም ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ የመጡ ናቸው።

ችግር፦ የመጨረሻው ተከላካይ በቀይ ካርድ ይወጣል

ጥር 2014 ዓ.ም በአፍሪካ ዋንጫ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ተከላካያችን ያሬድ ባየህ የወጣው በ12ኛው ደቂቃ ነው። 1 ለ 0 ተሸነፍን።

መንስኤ፦ የተከላካይ መስመሩ ወደፊት ወጥቷል፣ ኳስ የያዘው ባላጋራ ላይ ግን ጫና የለም። ያኔ ከጀርባችን የምትጣል አንድ ኳስ ትበቃለች።

መፍትሄ፦ ኳስ የያዘው ሰው ቀና ብሎ ማየት ከቻለ መስመሩ ወዲያው ያፈግፍግ። ጀርባውን ከሰጠን ወደፊት እንውጣ። አጥቂው አምልጦ ከሆነስ? በእኔ እምነት ጨዋታው ገና ከተጀመረ ለግብ ጠባቂው መተው ይሻላል። አንድ ግብ ይመለሳል፤ 80 ደቂቃ በ10 ሰው መጫወት ግን ይገድላል።

ችግር፦ ግብ ባገባን ማግስት ይቆጠርብናል

በዚያው ውድድር ከካሜሩን ጋር አጥቂያችን ዳዋ ሆቴሳ በ4ኛው ደቂቃ አገባ። በ8ኛው አቻ ሆኑ፣ በመጨረሻም 4 ለ 1 ተሸነፍን። ከግብ በኋላ ላሉት አምስት ደቂቃዎች አስቀድሞ የተስማሙበት ነገር መኖር አለበት፦ መስመሮቹ ይጠጋጉ፣ ማንም ከቦታው አይውጣ፣ ኳሱ ወደ ዳር ይገፋ።

ችግር፦ ኳስ ነጥቀን መልሶ ማጥቃቱ መሃል ሜዳ ላይ ይቀራል

መንስኤ፦ የነጠቀው ልጅ በልማድ ወደ ጎን ያቀብላል። ባላጋራ እስኪደራጅ ጊዜ እንሰጠዋለን።

መፍትሄ፦ የመጀመሪያዋ ቅብብል ወደፊት ትሁን። ለዚህ ስንከላከልም አንድ አጥቂ ከፊት መቅረት አለበት፤ ኳሱን ተቀብሎ የሚይዝ። ሁለት ሰው በግራና በቀኝ አልፎት ይሩጥ። ልጆቹ አሉን። ሰኔ 2014 ዓ.ም ሊሎንግዌ ላይ ዳዋና ሽመልስ በቀለ በመጀመሪያው አጋማሽ አግብተው ግብፅን 2 ለ 0 አሸንፈናል። በልምምድ ላይ ኳስ ከተነጠቀ በኋላ ወደ ኋላ ማቀበል ለጊዜው ይከልከል፤ በስምንት ሰከንድ ውስጥ ወደ ግብ ያልተመታ ኳስም ለባላጋራ ይሰጥ።