ሲ ድራይቭ ሲሞላ ከየት ይጀመራል?

ፋይል ሴቭ አልደረግ ይላል፣ አፕዴት መሃል ላይ ይቆማል፣ ማሽኑ ክሮም ለመክፈት እንኳ ይንቀረፈፋል። ዲስ ፒሲ ውስጥ የሚታየው የሲ ድራይቭ (ዊንዶውስ ራሱ የተጫነበት የዲስክ ክፍል) መስመርም ቀይ ሆኗል። ዊንዶውስ መስመሩን የሚያቀላው ባዶው ቦታ ከ10 በመቶ በታች ሲወርድ ነው። ይሄኔ ብዙ ሰው ፎቶውን ማጥፋት ይጀምራል። የሰርግ፣ የልጅ፣ የእናት ፎቶ! እባካችሁ ቆዩ። ቦታውን የያዘው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ ግቡና ማን ስንት ጊጋ እንደያዘ እዩ።

ምንም ሳትጭኑ ቦታው በየቀኑ የሚቀንስ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቴሌግራምን ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ቴሌግራም በሁለት ቦታ ያጠራቅማል። ተጭናችሁ ያወረዳችሁት ፋይል ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ይገባል፤ በየቻናሉ ያያችሁት ፎቶና ቪዲዮ ደግሞ ካሽ በሚባል ጊዜያዊ ማከማቻ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ለካሹ የቴሌግራሙን ሴቲንግስ፣ ከዚያ አድቫንስድ፣ ከዚያ ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ ከፍታችሁ «ክሊር ኦል» በሉት። ካሹ የሚይዘውን የመጠን ጣሪያም እዚያው ዝቅ አድርጉ፣ አለዚያ ተመልሶ ይሞላል። መልእክቶቻችሁ አይጠፉም፤ ቪዲዮውን ደግማችሁ ስታዩ ግን ዳታ ይበላል። «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» ፎልደሩን ስታጸዱ ግን ጠንቀቅ በሉ፤ የቻናሉ ባለቤት ፖስቱን አጥፍቶት ከሆነ ከእሱ ያወረዳችሁት ፒዲኤፍ አይመለስም።

ሲ ሞልቶ ዲ ባዶ ከሆነስ? ዲስኩ ለሁለት ተከፍሏል፣ ዳውንሎድስ፣ ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ግን በተለምዶ ሲ ላይ ናቸው። ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጣችሁት ፊልም ሁሉ ሲን ነው የሚበላው። ዲ ላይ አዲስ ፎልደር ፍጠሩ። ዳውንሎድስን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ሎኬሽን፣ ሙቭ በሉና ያንን ፎልደር ምረጡ። ዲ ድራይቩን ራሱን ብቻ እንዳትመርጡ፣ በኋላ መመለሱ ራስ ምታት ነው።

ከትልቅ አፕዴት በኋላ በአንዴ ብዙ ጊጋ ከጠፋ፣ አሮጌው ዊንዶውስ ሳይሰረዝ ተቀምጦ ነው። ብቻውን ከ10 ጊጋ በላይ ሊይዝ ይችላል። ከ10 ቀን በኋላ በራሱ ይጠፋል። ካስቸኮላችሁ ስቶሬጅ ውስጥ «ቴምፖራሪ ፋይልስ» ከፍታችሁ «ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽን» ላይ የ✓ ምልክት አድርጉና አስወግዱት፤ ከዚያ በኋላ ወደ ድሮው ዊንዶውስ መመለስ የለም። እዚያው ዝርዝር ላይ ዳውንሎድስም አለ። እሱን ሳታዩ እንዳትነኩት፣ የራሳችሁ ፋይል ነው።

አጥፍታችሁም ቦታው ካልተመለሰ ሪሳይክል ቢን አልተራገፈም።

256 ጊጋ ተብሎ የተገዛው 238 ካሳየ አልተታለላችሁም። ጊጋውን ሲቆጥሩ አምራቹ በ1000፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚያባዙ ነው።

ዊንዶውስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ገብቶ ትልቅ የመሰለውን ሁሉ በእጅ ማጥፋት ግን በፍጹም! ላፕቶፑ አልነሳም ሊል ይችላል። ይሄ ሁሉ ተደርጎም ካልበቃ ፎቶና ቪዲዮውን ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አዛውሩ፤ መጀመሪያ ኮፒ አድርጉ፣ ከሃርድ ዲስኩ ላይ መከፈታቸውን አረጋግጡ፣ ከላፕቶፑ የምታጠፉት ከዚያ በኋላ ነው።