ቅዳሜና እሑድ በደሴ፦ ለተሳታፊዎቹ የሚመች የፎቶ ስልጠና እንዴት ይዘጋጃል?

የመጀመሪያውን የፎቶ ስልጠናዬን ሳዘጋጅ ፕሮጀክተር ተከራየሁ፤ ስለ አፐርቸርም (ብርሃን ወደ ካሜራው ስለሚገባበት ቀዳዳ ስፋት) 30 ገጽ ስላይድ ሠራሁ። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰው መጣ። ካሜራ የያዙት ሦስቱ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ስልክ ነው የያዙት። አብዛኛው ስልክ ላይ ደግሞ አፐርቸር አይቀየርም። እስከ ምሳ ድረስ በጨዋነት አዳመጡኝ። ከምሳ በኋላ አምስቱ አልተመለሱም። አልፈረድኩባቸውም፤ ማን እንደሚመጣ ሳልጠይቅ የደገስኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ዝግጅቱን የምጀምረው ከሰዎቹ ነው።

1. መጀመሪያ ጠይቁ

ሰው ሲመዘገብ፣ በቴሌግራምም ይሁን በስልክ፣ አራት ነገር ጠይቁ። በምን ያነሳሉ? ምን ማንሳት ይወዳሉ? ፎቶው ለምን ይፈለጋል? ቅዳሜና እሑድ የማይመቻቸው ሰዓት የትኛው ነው? ከዚያ በቅርቡ ያነሷቸውን ሦስት ፎቶዎች እንዲልኩ አድርጉ። ፎቶዎቹ ከመልሱ በላይ ይናገራሉ። “ጀማሪ ነኝ” ያለችው ልጅ ጥሩ ዓይን ሊኖራት ይችላል። ብዙ ዓመት የሠራው ደግሞ ሁሉን ነገር በፍላሽ ሲያነሳ ኖሮ ይሆናል።

እኔ የበለጠ የማየው ሦስተኛውን ጥያቄ ነው። ፒያሳ ልብስ የምትሸጥ ሴት ዕቃዋን ቴሌግራም ላይ አሳምራ ማሳየት ትፈልጋለች። ሰርግ የሚያነሳ ወጣት ጨለም ያለ አዳራሽ አስቸግሮታል። ጡረታ የወጣ መምህር የጦሳን ተራራ በየወቅቱ እያነሳ ማስቀመጥ ይፈልጋል። የሦስቱም ጥያቄ ሥሩ ብርሃን ነው፤ ስለዚህ ስልጠናውን ብርሃን ላይ ትከሉት። የካሜራ ቁልፍና ቁጥር ለየቡድኑ በኋላ ይደርሳል። ለአንድ አሠልጣኝ ስምንት ሰው ይበቃዋል ባይ ነኝ። ከዚያ ከበለጠ ረዳት ፈልጉ።

2. ሰዓቱን ከሰውም ከፀሐይም ጋር አስማሙ

እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ አለ፤ ስለዚህ እሑድን ከሰዓት በኋላ አድርጉት። ሙስሊም ተሳታፊዎች ዙህርና አስር የሚሰግዱበት ጊዜ ፕሮግራሙ ላይ ይጻፍ። ሰው እየተሳቀቀ ከመሀል መውጣት የለበትም። ጾምም እንደዚያው ነው። በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ሙሉ ቀን ሰውን ዳገት ማስወጣት አይገባም።

ፀሐይን በተመለከተ ደሴ የራሷ ጠባይ አላት። ጦሳ በምዕራብ በኩል ቆሟል፤ ስለዚህ ፀሐይ ከአድማስ ሳትደርስ ከተራራው ኋላ ትገባለች። ስልካችሁ ላይ ያለው የጀንበር መግቢያ ሰዓት ይህን አይነግራችሁም። ከሳምንት በፊት በዚያው ሰዓት ቦታው ላይ ቆማችሁ ጥላው ስንት ሰዓት እንደሚደርስ ጻፉ። እንደየቦታው ብዙ ደቂቃ ይለያያል።

ከወቅት የምመርጠው መስከረምና ጥቅምትን ነው። ዝናቡ ያበቃል፤ አየሩ ይጠራል፤ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው። ክረምት ላይ ከሆነ ግን ጉሙን ራሱን ትምህርት አድርጉት።

3. ቦታ ምረጡ፣ ፈቃድ ጠይቁ

ሩቅ አትሂዱ። ሰኞ ገበያ እንደ ስሙ የሚደምቀው ሰኞ ነው፤ ቅዳሜ ያንኑ ድምቀት አትጠብቁ። አይጠየፍ አዳራሽንና የደሴ ሙዚየምን ካሰባችሁ ካሜራ ይፈቀድ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ሐይቅ ከተማ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሐይቁ ዳርቻ ለሁሉም ይሆናል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ግን ሴቶች አይገቡም። ስለዚህ ግማሹ ቡድን ደጅ የሚቀርበትን ጉዞ አታቅዱ።

የብርዱ ነገር ካሳሰባችሁ ኮምቦልቻ አለች። የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ወርዳችሁ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላላችሁ፤ ጃኬቱ ይወልቃል። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ መኪና የሚያጥወለውለው ሰው እንዳለ ጠይቁ።

ከከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የትብብር ደብዳቤ ያዙ። ከጦርነቱ ወዲህ ካሜራ ያነገተ ሰው ሲበዛ ሰው ቢሰጋ አይፈረድበትም። ኬላ፣ ካምፕና የጸጥታ አባላት አይነሱም፤ ይህን ከመውጣታችሁ በፊት ለሁሉም ተናገሩ። ሰው ለማንሳት ደግሞ መጀመሪያ ሰላምታ ነው። “እማማ፣ እንዴት ዋሉ? አንድ ፎቶ ላንሳዎት?” ካሉ አብዛኛውን ጊዜ ደስ ይላቸዋል። እምቢ ካሉም አመስግኖ ማለፍ ነው።

4. ቅዳሜ ጠዋት፦ ቡናውን ትምህርት አድርጉት

ይህን ክፍል በጣም እወደዋለሁ። ወሎ ላይ ቡና ሳይፈላ ሰው አይሰበሰብም፤ ታዲያ ለምን ሻይ ዕረፍት ብቻ ይሆናል? አንድ መስኮት ያለው ክፍል ፈልጉ። አምፖሉን አጥፉ። ቡና የምታፈላውን ሴት አስፈቅዳችሁ ከመስኮቱ አጠገብ አስቀምጧት። ለእያንዳንዱ ዙር አንድ ሥራ ስጡ።

በአቦል ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። እጇን፣ ስኒውን፣ ጀበናውን ያንሱ። ስልክ የያዘ ሰው ጣቱን ብሩህ የሆነው ቦታ ላይ ይንካ፤ ከዚያ ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ ያድርግ። ካሜራ የያዘ ከአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600 እና ከሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/125 ሰከንድ ይጀምር። ልብስ የምትሸጠው ሴት የጨርቁ ሸካራነት በጎን ብርሃን እንዴት እንደሚወጣ የምታየው እዚህ ነው።

በቶና ወደ መስኮቱ ዙሩ። ጀበናው በእናንተና በብርሃኑ መሀል ይሁን፤ ከኋላው ጠቆር ያለ ነገር ይኑር። የእጣኑ ጭስና የቡናው እንፋሎት ጎልቶ የሚታየው ብርሃን ከኋላ ሲመጣና ጀርባው ሲጨልም ነው። ሰርግ የሚያነሳው ልጅ ፍላሹን ሻንጣው ውስጥ ያስቀምጥ።

በበረካ ሰው ተጫውቷል፣ ተላምዷል። አሁን ፊት ይነሳ። ካሜራ ያስፈራቸው እንኳ በዚህ ሰዓት ረስተውታል።

5. ከሰዓት በኋላ ውጡ

ከ9 ሰዓት ጀምሮ ሁለት ሁለት ሆነው ይውጡ፤ ልምድ ያለው ከጀማሪ ጋር። አንድ ሥራ ብቻ ስጧቸው። ለምሳሌ ባጃጅን በ1/30 ሹተር፣ ካሜራውን አብሮ እያዞሩ። ባጃጁ ይጠራል፣ ጀርባው ይሰመራል። ስልክ ያላቸው ደግሞ የግድግዳ ጥላ ያሳድዱ። እግሩን የሚያመው ሰው ካለ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚሠራው ሥራ ይዘጋጅለት። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪውና ፓወር ባንኩ አርብ ማታ ይሞላ።

6. እሑድ፦ ምርጫና ህትመት

እያንዳንዱ ሰው አሥር ፎቶ ይምረጥ፤ ከአሥሩ ሦስት ያስቀር። ሌላው ሰው ያየውን ይናገር፤ አንሺው መጨረሻ ላይ ይናገር። ይህ ረጅም ሰዓት ይወስዳል፣ አታሳጥሩት። ከዚያ አንድ አንድ ፎቶ ፎቶ ቤት ወስዳችሁ አሳትሙ። የህትመቱን ዋጋ ከመጀመሪያው መዋጮ ውስጥ አስገቡት። ቡና ያፈላችው ሴት ፎቶ በሁለት ኮፒ ይታተም፤ አንዱን እሑድ ማታ ራሳቸው አንሺዎቹ ይውሰዱላት።