ለዓሣ ማጥመድ መነጽር ስትገዛ

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለዓመታት ያጠመድኩት በተራ ጥቁር መነጽር ነው። ውሃው ጠቆረ እንጂ ነጸብራቁ አልጠፋም። አንድ ጠዋት ጓደኛዬ ፖላራይዝድ መነጽሩን አዋሰኝ። ደንገሉ ሥር አንድ ቆሮሶ ጅራቱን ሲያወዛውዝ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ስደነቅ ዓሣው ሄደ።

ከውሃ ላይ ነጥሮ ዓይን የሚወጋው ብርሃን አብዛኛው አግድም የሚርገበገብ ነው። ፖላራይዝድ ሌንስ ያንን ይዘጋል።

«ፖላራይዝድ» የሚለውን ተለጣፊ ግን አትመን፤ እኔ አንዴ ተሸውጃለሁ። ሱቁ ውስጥ ካልኩሌተር አይጠፋም። መነጽሩን ቁጥሮቹ ፊት ያዝና ቀስ አድርገህ አሽከርክረው። እውነተኛ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ይጠቁራል። ካልጠቆረ ለሻጩ መልስለት።

ዳር ቆመህ ከሆነ የምታጠምደው ቡናማ ሌንስ ውሰድ፤ ጀልባ ይዘህ መሃል ከገባህ ግራጫ ይሻላል። «ዩቪ 400» የሚለውንም እይ፤ ዓይን የሚጎዳውን የፀሐይ ጨረር ይከለክላል ማለት ነው። ጎኑ ሰፋ ያለ ይሁን፣ ብርሃን በጎን እንዳይገባ። ማሰሪያ ገመድ አትርሳ፤ የመጀመሪያዬ ሐይቁ ውስጥ ነው ያለው።

ላንጋኖ ከሆነ የምትሄደው ግን አትድከም። ውሃው ራሱ ሻይ በወተት ነው የሚመስለው።